ኮከቡን ሰጥታችኋል፤ ምክንያቱንስ?

ጅማ ላይ ለፖድካስት አዘጋጆችና አድማጮች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ፣ ያውም ስለ ፖድካስት አስተያየት አሰጣጥ ለመስማት አዳራሽ ድረስ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። የኔ ሥራ ድምፅ ቆርጦ መቀጠል ነው። ኤዲተር ነኝ። አንድ ክፍል ወጥቶ ሰው ጆሮ ሲደርስ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ወርጄ አስተያየቶቹን ማንበብ ነው።

ምን አነባለሁ? «በርቱ»። «ቀጥሉበት»። «አንደኛ ነኝ»። «ፈጣሪ ይባርካችሁ»። ሦስት ቀይ ልብ። ከዚያ ድንገት አንድ ስድብ፣ ብዙ ጊዜ ስለ አዘጋጁ ብሔር ወይ ስለ እንግዳዋ ፀጉር። ከዚያ ደግሞ «በርቱ»።

ምርቃት አልጠላም። ደክሞት ላመሸ ልጅ «በርታ» የምትለው ቃል ጉልበት ናት። ግን ነገ ጠዋት ማይክ ፊት የሚቀመጠው ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ይማራል? እንግዳውን እያቋረጠ ነበር? መግቢያው ረዝሟል? ድምፁ ባጃጅ ውስጥ ይሰማል? የተናገረው ቁጥር ልክ ነው? ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ያንኑ ይደግመዋል።

ዛሬ ልል የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ምክንያት ያልተነገረበት ደረጃ አዘጋጁንም አይጠቅም፣ ምን ልስማ ብሎ የሚፈልገውንም ሰው አይጠቅም። ይህን ደግሞ ከጅማ ሰው በላይ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እኛ ከቡና ጋር ነው የኖርነው።

ቀማሽ ሲሠራ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ስኒዎች ተደርድረዋል። ስኒው አጠገብ ያለው ኮድ ነው፤ የባለቤቱ ስም የለም። የአጎቱ ልጅ ቡና ይሁን የማያውቀው ሰው፣ ቀማሹ አያውቅም። መጀመሪያ ዱቄቱን ደረቁን ያሸታል። የፈላ ውኃ ይጨመራል። አራት ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል። ላዩ ላይ የጋገረውን በማንኪያ ይሰብርና አፍንጫውን ያስጠጋል። ቆየት ብሎ በማንኪያ ፉት ሲል ድምፁ በር ድረስ ይሰማል። ይተፋዋል። ከዚያ ይጽፋል።

የሚጽፈውን ተመልከቱ። በስፔሻሊቲ፣ ማለትም በከፍተኛ ጥራት ቡና ዓለም ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ቅጽ 10 መመዘኛ አለው። ሽታው ለብቻ፣ ጣዕሙ ለብቻ፣ አሲዲቲው (ኮምጠጥ ማለቱ) ለብቻ፣ ቦዲው (አፍ ውስጥ የሚሰማው ክብደት) ለብቻ፣ አፍ ውስጥ የሚቀረው ለብቻ። ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይቀመሳል። አራቱ ጥሩ ሆነው አምስተኛው ቢበላሽ እንዳይታለፍ ነው። ከ100 ድምሩ 80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስፔሻሊቲ ይባላል። ቁጥሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ምክንያቱ ተጽፎ አልቋል።

አሁን «ጅማ 5» የሚለውን ስም አስቡ። የቡና ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ያልታጠበ (ከነልጣጩ የደረቀ)፣ 5ኛ ደረጃ የተሰጠው፣ በብዛት የሚሸጥ ቡና ማለት ነው። ለአሥርት ዓመታት የከተማችን ስም ከዚያ ቁጥር ጋር ተጣብቆ በዓለም ዞረ። ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቃችሁም። ግን ጓሮው ቡና ያለው ገበሬ «5 ነህ» መባልን ሰምቶ ምን ያደርጋል? አንገቱን ይደፋል፣ በተሰጠው ዋጋ ይሸጣል፣ ያበቃል።

«አረንጓዴውን ከቀዩ ቀላቅለህ ለቅመሃል፤ መሬት ላይ ስላሰጣኸው የአፈር ሽታ ይዟል» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው። አጋሮ አጠገብ፣ ጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቋመ። አባላቱ ቀይ እሸት ለይተው እየለቀሙ፣ እያጠቡ ማዘጋጀት ያዙ። በ2012 ቡናቸው ዓለም አቀፍ ዳኞች በተቀመጡበት ውድድር ከአፍሪካ አንደኛ ተባለ። መሬቱ ያው መሬት፣ ዛፉም ያው ዛፍ ነው። የተለወጠው ከለቀማ ጀምሮ ያለው ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ የሚለወጠው ጉድለቱ የቱ ጋ እንዳለ ሲታወቅ ነው።

ለፖድካስት የምንሰጠው ኮከብ ገና «5 ነህ» የሚለው ደረጃ ላይ ነው ያለው።

እስቲ ኮከቡ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለው። አፕል ፖድካስትን አይቲዩንስ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005 ነው። ዛሬ በአፕል ፖድካስት መተግበሪያ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠትም፣ በጽሑፍ አስተያየት ማስቀመጥም ይቻላል። ግን የሚታየው በየአገሩ ተለይቶ ነው። አንድ የአማርኛ ፕሮግራም ዋሽንግተን ያለው አድማጭ የጻፈለትን ሙገሳ ሌላ አገር ሆኖ የሚከፍተው ሰው ላያየው ይችላል። አድማጩ በየአገሩ የተበተነ እንደኛ ላለ ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ፕሮግራም አምስት አገር ውስጥ አምስት የተለያየ መልክ ይኖረዋል።

ስፖቲፋይ ኮከብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2021 ነው። ደረጃ ለመስጠት ቢያንስ 30 ሰከንድ መስማት ይጠይቃል። 30 ሰከንድ! ብዙዎቹ ፕሮግራሞቻችን በዚያ ሰዓት ገና የመግቢያው ሙዚቃ ላይ ናቸው። በ2024 ደግሞ የአስተያየት መጻፊያ ጨመረ፤ የትኛው ይታይ የሚለውን አዘጋጁ ይወስናል።

አዘጋጆቻችን በየክፍሉ መጀመሪያ የሚሉትን አንድ ነገርም እዚህ ላንሳ። «አምስት ኮከብ ስጡን፣ ከፍ እንድንል» ይላሉ። አፕል ግን የተወዳጆች ሰንጠረዡን ሲያወጣ ኮከብንና የተጻፈ አስተያየትን እንደማይቆጥር በግልጽ ተናግሯል። የሚያየው ስንት ሰው እንደሚሰማ፣ ስንት ሰው እንደሚከተል፣ ስንቱ እስከ መጨረሻ እንደሚዘልቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ኮከብ ስትለምኑ፣ በዚያ ልመና ተሰላችቶ የሚዘጋው ሰው ነው የሚጎዳችሁ። እዚህ ያላችሁ አዘጋጆች፣ እባካችሁ ይቺን ልመና አሳጥሯት።

ኮከብ ያልሠራላቸው ሌሎችም አሉ። ዩቲዩብ ድሮ ባለ አምስት ኮከብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ራሱ እንደተናገረው ሰው የሚሰጠው በአብዛኛው አምስት ብቻ ሆኖ ተገኘ። መሃል ላይ ያሉት ቁጥሮች ሥራ ፈቱ። በዓመቱ ኮከቡን ትቶ ወደ አውራ ጣት፣ ማለትም «ወደድኩ» ወይም «አልወደድኩም» ወደሚለው ምልክት ዞረ። ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በ2017 እንደዚያው አደረገ። ነገሩ ግልጽ ነው። በጣም የወደደ ሰው አምስት ይሰጣል፣ በጣም የተናደደ አንድ ይሰጣል፣ «ደህና ነው፣ ግን…» የሚለው ሰው ዝም ይላል። ለአዘጋጁ የሚጠቅመው ደግሞ ያ «ግን» የሚለው ሰው ነበር።

ከዚህ ላይ የመንጋው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ አንድ የዜና ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ከ100,000 በላይ አስተያየቶችን ወስደው፣ ለአንዳንዶቹ ገና ሲጻፉ አንድ የድጋፍ ድምፅ በዘፈቀደ ጨመሩላቸው። አንድ ብቻ። በመጨረሻ እነዚያ አስተያየቶች ያገኙት ውጤት በአማካይ 25 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዘፈቀደ የተቃውሞ ድምፅ የተሰጣቸውን ግን ሰው ራሱ እየደገፈ አስተካከላቸው። ስለዚህ ሙገሳ ሙገሳን ይጠራል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች «በርቱ» ካሉ፣ አሥራ አንደኛው «ድምፁ አይሰማም» ለማለት እጁ ይታሰራል።

እኛ ጋ ደግሞ እጅ የሚያስረው ሌላም አለ። ይሉኝታ። አዘጋጁን ልጅ እናውቀዋለን። መርካቶ ስንሄድ እናገኘዋለን፣ እናቱ ጎረቤታችን ናት። «ጥያቄህ እንግዳውን አልነካውም» ብንለው ይከፋዋል ብለን እንፈራለን። ፊት ለፊት «አሪፍ ነው፣ ተመችቶኛል» እንላለን። ዞር ሲል ግን ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ እናወጣዋለን። ያ ቡና ላይ የተባለው ነገር ምርጥ ግምገማ ነበር! ልጁ ብቻ አልሰማውም። በሌላ ጥግ ደግሞ ስምና ፎቶ ደብቆ የሚሳደብ አለ። እሱን ይሉኝታ አይዘውም፤ ግን እሱም ስለ ፕሮግራሙ ምንም አልተናገረም።

ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል ይባል የለ? ከአድማጮቻችን የጎደለው ያ የሚያስለቅስ ወዳጅ ነው።

ስለ ሴት አዘጋጆች ለብቻው መናገር አለብኝ። ወንዱ የግብርና ፕሮግራም ሲያቀርብ ስለ ግብርናው ይጻፍለታል። እሷ ያንኑ ስታቀርብ ስለ ድምፅዋ ቅጥነት፣ ስለ አሳሳቋ፣ በምስል ከሆነ ስለ ልብሷ ይጻፋል። አንድ ሳምንት ተዘጋጅታ ያመጣችውን መረጃ የነካ የለም። ይህ ግምገማ ሊባል አይገባውም። ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ማይክ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ፤ እና የሚያሳዝነኝ ስድቡ ብቻ አይደለም፣ ቁም ነገሯን የሰማው ሌላው አድማጭ ሁሉ ዝም ማለቱ ነው። አንድ ሰው «ስለ ማዳበሪያ ያልሽው ሠርቶልኛል» ብሎ ቢጽፍ የገጹ መልክ ይለወጥ ነበር።

ጥሩ አስተያየት ምን ይመስላል? በእጄ ካለፉት ሁለት ላንሳ።

አንደኛው ከአንድ የጅማ ባጃጅ ሾፌር የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። እንዲህ ይላል። «እኔ ከአጂፕ ቆጪ እየተመላለስኩ ነው የምሰማችሁ። አንተ ስትናገር ጥሩ ነው። እንግዳው ሲጀምር ድምፅ እጨምራለሁ። አንተ ስትመለስ ተሳፋሪው ይደነግጣል።» አለቀ። እኔ እንደ ኤዲተር ከዚህ መልእክት ያገኘሁትን ከመቶ «በርቱ» አላገኘሁም። ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ታወቀ። ማይኩ አንድ ነበር፣ እሱም ያለው አዘጋጁ ፊት ነው። እንግዳው ራቅ ብሎ ተቀምጧል። መፍትሔው ሁለተኛ ማይክ ነው፤ እሱ ከሌለ መሃል ላይ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ የሁለቱን ድምፅ መጠን ማስተካከል። ሾፌሩ ስለ ድምፅ ምሕንድስና አልተማረም። የት ሆኖ እንደሚሰማ፣ ምን ላይ እንደተቸገረ ብቻ ተናገረ። ከአድማጭ የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስለ ይዘት ነው። አንድ ፕሮግራም ላይ የቡና ፍሬ በሽታ ዝናብ ሲያጥር የሚመጣ ተደርጎ ተወራ። አንዲት አድማጭ ደቂቃውን ጠቅሳ ጻፈች። በሽታው ፈንገስ መሆኑን፣ እርጥበትና ዝናብ እንደሚያስፋፋው፣ የሚያጠቃውም ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ መሆኑን አስረዳች። አገራችን ውስጥ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1971 መሆኑንም ጨመረች። አልተሳደበችም። «አታውቁም» አላለችም። መጨረሻ ላይ «የገበሬውን ቃለ ምልልስ ግን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ሳታቋርጡ ሰምታችሁታል» አለች። እዩ እንግዲህ፤ ደቂቃው አለ፣ ስሕተቱ አለ፣ ማስተካከያው አለ፣ የተወደደው ነገርም ለምን እንደተወደደ አለ። ይህን ፕሮግራም ለጎረቤቱ ሊልክ የነበረ ገበሬ በዚህች ሴት ጽሑፍ ምክንያት ከስሕተት ይተርፋል።

ሙገሳም ምክንያት ይፈልጋል። «አሪፍ ነው» ከማለት «እንግዳዋ ስታለቅስ ዝም ብለህ መጠበቅህን ወደድኩት» ብትሉት ልጁ በሚቀጥለውም ይጠብቃል። ካልነገራችሁት ግን ዝምታው የሰለቻችሁ መስሎት በሙዚቃ ይሞላዋል።

ሌላ ሰው የማይገምተው ግን እኛን የሚነካ ነገር አለ፤ ዳታ። የአንድ ሰዓት ወሬ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ሲወጣ ወደ 58 ሜጋባይት ይሆናል። በ64 ሲወጣ 29 አካባቢ ነው። ሰው ብቻ ለሚያወራበት ፕሮግራም 64 በሞኖ (ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ መስመር) በቂ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን ብዙም አያገኘውም። ፓኬጅ ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ ግን ልዩነቱ እጥፍ ነው። «ፋይላችሁ ከብዶኝ ተውኩት» የሚል አስተያየት ከማንም አምስት ኮከብ ይበልጣል። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ፈጣን ዋይፋይ ይዞ የተቀመጠ አዘጋጅ ይህን ካልነገራችሁት ከየት ያውቀዋል?

የቋንቋውንም ነገር አልዘለውም። እዚህ ከተማ አማርኛ የሚሰማው ብዙ ሰው ቤቱ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ፣ የምኛ የሚናገርም አለ። እነዚህ አድማጮች «ትፈጥናላችሁ» ወይም «የአዲስ አበባ አራዳ ቋንቋ በዝቶብኛል» ቢሉ ትልቅ ነገር ነው የተናገሩት። ግን ብዙዎቹ በአማርኛ መጻፍ ስለሚከብዳቸው አይጽፉም።

ከሁሉም የሚበልጠው አድማጭ ደግሞ ኮከቡ ጭራሽ የማይቆጥረው ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ያወርዳል። ለጓደኛው ይልካል። ጓደኛው በዜንደር ለዶርም ልጆች ያዳርሳል። አንዱ በፍላሽ ጭኖ ሱቅ ውስጥ ይከፍተዋል። አሥር ሰው ሰማ፤ የተቆጠረው አንድ ነው። እነዚህ ሰዎች አፕል ላይ የሉም፣ ስፖቲፋይ ላይ የሉም። አዘጋጁ የሚያየው ስታቲስቲክስ ስለ ጅማ የሚነግረው ነገር ቢኖር ትንሽ ነው። እነሱ ምን እንዳሉ ለማወቅ ያለው መንገድ መጠየቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቀረውን ለአዘጋጆች ልናገር። ዩቲዩብም ስፖቲፋይም አድማጭ የቱ ጋ ትቶ እንደሚወጣ የሚያሳይ መስመር ይሰጧችኋል። እዩት። 8ኛው ደቂቃ ላይ ብዙ ሰው ከወጣ እዚያ ሄዳችሁ ስሙት። ግን መስመሩ የት እንደወጡ እንጂ ለምን እንደወጡ አይናገርም። ማስታወቂያው ረዝሞ ይሆናል፣ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ታክሲው ደርሶ ይሆናል። ለምን የሚለውን የሚነግራችሁ ሰው ነው።

ሰው ሲነግራችሁ ደግሞ አታጥፉት። ስድብና የብሔር ጥላቻ አጥፉ፤ እሱ ላይ ምሕረት አያስፈልግም። «ሰለቸኝ» ያለውን ግን ተዉት፤ ለምን እንደሰለቸው ጠይቁት። ስሕተት የነገረቻችሁን ሴት በሚቀጥለው ክፍል በአየር ላይ አመስግኑ፤ እርማቱንም መጀመሪያ ላይ አንብቡት፣ ከመጨረሻው ምስጋና በኋላ አትደብቁት። አንድ ሰው እንዲህ ሲመሰገን የሰሙ ሌሎች አሥር ሰዎች መጻፍ ይጀምራሉ። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ጥያቄያችሁንም ለዩት። «አስተያየታችሁን ጻፉልን» ስትሉ የምታገኙት «በርቱ» ነው። «ዛሬ እንግዳችንን ያልጠየቅነው ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «የት ቦታ ላይ ልትዘጉት ፈለጋችሁ?» በሉ። ይሉኝታ የያዘው ሰው እንኳ ለዚህ ይመልሳል፤ ምክንያቱም ጉድለቱን ራሳችሁ ጠይቃችሁታል።

በድምፅ ተቀበሉ። በአፋን ኦሮሞ፣ በፈለገው ቋንቋ ይላክላችሁ፤ የሚተረጉምላችሁ ሰው ጅማ ላይ በየደጃፉ አለ። የቴሌግራም አድራሻችሁን ደግሞ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ብቻ አትናገሩ፤ መሃል ላይም አንዴ ተናገሩት። እስከ መጨረሻ የሚዘልቀው የወደዳችሁ ሰው ነው። ቅሬታ ያለው 20ኛው ደቂቃ ላይ ወጥቷል፤ ሳይወጣ ያዙት።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። በዚህ ንግግር ላይ አስተያየት ያለውም ካለ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ጠቅሶ ይናገር።